ለማገጥ ዩሪያ መግዛት ለጠገበ ማጉረስ ነው

በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላም የሚያረቡ ባለሀብቶች በአንድ ቦታ ከተሰበሰቡ ወሬው የመኖ ዋጋ ነው፡፡ ፋጉሎው፣ ፉርሽካው፣ የሱሉልታው ድርቆሽ ረከሰ የሚል ነጋዴ አይገኝም፡፡ በዚህ የተነሳ አንዳንዱ መሬት ተከራይቶ ማገጥ መዝራት ይሻለኛል ማለቱ የሚነቀፍ ሐሳብ አይደለም፡፡ የሚነቀፈው ማገጡ ገና ሲተከል ለማዳበሪያ የሚወጣው ገንዘብ አወጣጥ ነው፡፡

እንደሚታወቀው ለጤፍና ለስንዴ ለዓመታት ሲመከር የኖረው ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ እና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር፡፡ ከተሜው ባለሀብትም ይህንኑ ቀመር እንዳለ አንስቶ ማገጥ ላይ ቢያውለው የሚከስረው እዚያው ላይ ነው፡፡ አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል፡፡ ማገጥ ግን እንደ ባቄላና እንደ አተር ሁሉ በሥሩ እባጮች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር የሚወስድ ተክል ነው፡፡ ዩሪያ ሲበዛለት እባጭ ማውጣቱን ይቀንሳል፡፡ ከዚህም የከፋው ዩሪያው አረሙንና ሣሩን ማፋፋቱ ነው፤ ለጋው ማገጥ በጥላ ሥር ታፍኖ ይቀራል፡፡ ባለሀብቱ በገዛ ገንዘቡ ተቀናቃኝ ቀለበ ማለት ነው፡፡

ማገጥ የሚቸገረው በፎስፈረስ ነው፡፡ ቀድሞ ኢልካ ይባል የነበረው የቁም እንስሳት ምርምር ማዕከል በደጋው ጥቁር አፈር ላይ ያካሄዳቸው ሙከራዎች አገር በቀሎቹ ማገጦች ፎስፈረስ ሲያገኙ ምርታቸው እጅግ እንደሚጨምር አሳይተዋል፡፡ ፎስፈረስ ደግሞ በአፈር ውስጥ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀስ ንጥረ ነገር አይደለም፡፡ በመሆኑም መሰጠት ያለበት በዘር ወቅት፣ ለዘሩ ቀረብ ብሎ ነው፡፡ ካደገ በኋላ ከላይ ቢበተን ጥቅሙ ያንሳል፡፡

ሒሳቡ ቀላል ነው፡፡ አንድ ሰው ለሄክታር 46 ኪሎ ፎስፌት ሊሰጥ ቢያስብ አንድ ኩንታል ዳፕ ይበቃዋል፡፡ ኤንፒኤስ ከሆነ 121 ኪሎ ገደማ ያስፈልገዋል፡፡ ከዳፑ 18 ኪሎ፣ ከኤንፒኤሱ 23 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን አብሮ ይመጣል፡፡ ይህም እባጩ ሥራ እስኪጀምር ባሉት ጥቂት ሳምንታት ለቡቃያው ከበቂ በላይ ነው፡፡ ለዩሪያው የተመደበው ገንዘብ በኪስ ይቀራል፡፡ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በ57 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር ከመቶ ብር በላይ በሆነበት ገበያ ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም፡፡

መሬቱ ኮምጣጣ ከሆነ ግን ቅድሚያው የኖራ ነው፡፡ በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን ስለሚያስሩት ኖራ ሳይቀድም የተገዛ ማዳበሪያ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል፡፡ የአፈር ምርመራ ሳያደርጉ ማዳበሪያ መግዛት ዕቃውን ሳያዩ ዋጋ እንደ መቁረጥ ነው፡፡ ለባቄላ ተብሎ የተዘጋጀ ባክቴሪያም ለማገጥ አይሆንም፤ ዓይነታቸው ይለያያል፡፡

አንዳንዶች የጤፍ ገበሬ ማዳበሪያ እየጠበቀ ፎስፈረስን ለሣር ማፍሰስ ነውር ነው ይሉ ይሆናል፡፡ ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ አይደለም፡፡ ማገጥ ከአየር ያመጣው ናይትሮጅን ከፊሉ በሥሩና በቅሪቱ መሬቱ ላይ ይቆያል፤ በቀጣዩ ዓመት እዚያ የሚዘራው ስንዴ የሚፈልገው ዩሪያ ይቀንሳል፡፡ ዛሬ የገባ ፎስፈረስ የነገን ዩሪያ ይተካል ማለት ነው፡፡

ችግሩ ያለው አቅርቦቱ ላይ ነው፡፡ ማዳበሪያ ከጅቡቲ ገብቶ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ሲከፋፈል የሚታሰበው እህል እንጂ መኖ አይደለም፡፡ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ ለጎዴ የተፈራረሙት የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ፋብሪካም በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ሊያመርት የታቀደው ዩሪያ ነው፡፡ ለስንዴው መልካም ዜና ነው፤ ለማገጡ ግን ጠብ የሚል ነገር የለውም፡፡ ናይትሮጅን የሌለበት፣ 46 በመቶ ፎስፌት የያዘው ቲኤስፒ ለመኖ አምራቹ በችርቻሮ የሚደርስበት መንገድ ቢከፈት ነጋዴውም ገበሬውም ይጠቀማሉ፡፡

ደላላውም ድርሻ አለው፡፡ ድርቆሽ በእስር ብዛት ብቻ እስከተሸጠ ድረስ ማገጥ የበዛበትና ደረቅ አገዳ የሞላበት እኩል ዋጋ ያወጣሉ፤ ለፎስፈረስ ገንዘብ ያወጣው ሰውም ልፋቱን የሚክስለት አያገኝም፡፡ ገዢው እስሩን ፈትቶ ቅጠሉን ማየት ይልመድ፡፡

ባለ ማሳውም ከተዘራ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ እግር ማገጥ ነቅሎ እባጩን ይሰንጥቅ፡፡ ውስጡ ቀላ ካለ ተክሉ ማዳበሪያውን ራሱ እያመረተ ነው፡፡ ያን ጊዜ ዩሪያ ይዞ የሚመጣውን ሻጭ በሰላም መሸኘት ነው፡፡