መኪና ከመሸጣችሁ በፊት፦ ስለ "ኮምፒውተር" የዳሌ ቀዶ ጥገና



ሰሞኑን አንዲት ልጅ እናቷን ይዛ ተመላላሽ ክፍል መጣች። የእናትየው የዳሌ መገጣጠሚያ ክፉኛ ተበልቷል፤ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ግድግዳ ይደገፋሉ። ወደ አጥንት ስፔሻሊስት ሪፈር ልጽፍላቸው ስል ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የውጭ ሆስፒታል ማስታወቂያ አሳየችኝ። "ዶክተር፣ ይሄ በኮምፒውተር ስለሆነ ስህተት የለውም አሉ። መኪናችንን ሸጠን እማዬን ልንወስዳት ነው።"

ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልበላችሁ።

👉 ናቪጌሽን ምን ይሠራል?

የዳሌ መገጣጠሚያ ማለት ጎድጓዳ ውስጥ የሚሽከረከር ኳስ ነው። በቅየራው ሁለቱም በሰው ሠራሽ ይተካሉ። ጎድጓዳው አቀማመጡ ከተዛባ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ወይም ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ችግሩ በሽተኛው በጎኑ ተኝቶ እያለ ዳሌው ትንሽ ከዞረ ዓይን ይሸወዳል። ናቪጌሽን ላይ ግን አጥንቱ ላይ ምልክት ይተከላል፤ ካሜራው እሱን እየተከተለ ጎድጓዳው በስንት ዲግሪ እንደተቀመጠ ስክሪን ላይ ያሳያል። ልክ እንደ መኪና ጂፒኤስ ማለት ነው፤ መሪውን የሚይዘው ግን ሐኪሙ ነው።

ጥቅሙ እውነት ነው። ከታሰበው ዲግሪ ርቆ የመቀመጥ ዕድልን ይቀንሳል። በተለይ ከልደት ጀምሮ ወይም በድሮ ስብራት ዳሌው ቅርጹን ለቀየረ ሰው ጥሩ አጋዥ ነው።

👉 "ስህተት የለውም" የሚለው ግን ልክ አይደለም

በ1978 የወጣ ታዋቂ ጥናት ጎድጓዳው 40 ዲግሪ ዘንበል፣ 15 ዲግሪ ወደፊት ዞር ቢል ይሻላል አለ፤ ከዚያ በ10 ዲግሪ ከፍ ዝቅ ማለት ይቻላል። በኋላ ሲታይ ግን ከወለቁት ብዙዎቹ እዚሁ ክልል ውስጥ የተቀመጡ ነበሩ! ለምን? ስንቀመጥና ስንቆም ዳሌያችን ይንቀሳቀሳል፤ የታችኛው ወገቡ የደረቀ ሰው ደግሞ እንደሌላው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ዒላማውን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው፤ ዒላማው ከተሳሳተ ማሽኑ በጥንቃቄ የተሳሳተ ቦታ ላይ ያደርሰናል።

ደግሞም ኢንፌክሽንን፣ የደም መርጋትን፣ የጡንቻ መድከምን ናቪጌሽን አይከላከልም። አቀማመጡን ማስተካከሉ ላይ ያለው መረጃ ጠንካራ ነው፤ "በሽተኛው የተሻለ ይራመዳል" የሚለው ላይ ግን ያን ያህል አይደለም።

👉 የእኔ አቋም

መሣሪያው ካለ እሰየው። መኪና የሚያሸጥ ምክንያት ግን አይደለም። ቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፦

✅ ይህን ቀዶ ጥገና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ?
✅ ወገቤንም አይተው ነው ያቀዱት?
✅ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፊዚዮቴራፒውን ማን ይከታተላል?
✅ ውጭ ከሆነ፦ አገሬ ገብቼ ሌሊት ቢወልቅ ማን ጋር እሄዳለሁ?

ውጭ የምትሠሩ ደግሞ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርትና የተተከለውን ዕቃ ዓይነትና መጠን የሚገልጸውን ስቲከር ሳትይዙ እንዳትመለሱ። ነገ ሌላ ሐኪም ቢያስፈልጋችሁ መነሻው እሱ ነው።

የዕለቱን ምርጥ ጥያቄ የጠየቁት ግን እናትየው ናቸው። "ልጄ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና ማፍላት እችላለሁ?" ዝቅ ያለ በርጩማና ቁጢጥ ማለት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ አዲሱን ዳሌ ሊያወልቀው ይችላል። ይሄን ደግሞ የትኛውም ካሜራ አይጠብቅላቸውም። "ለጊዜው ከፍ ያለ ወንበር ይሁን፤ ቡናውን ልጅዎ ታፍላ" አልኳቸው።

ዳሌውን ለማስቀየር ላሰበ ሰው ሼር አድርጉለት። ጤና ይብዛላችሁ!