ባሕር የለንም የሚለው ሰበብ

ለሴት ተማሪዎች የቢች ቮሊቦል ቡድን ይቋቋም ሲባል «ባሕር በሌለበት ደጋ ምን ሊሠራ?» የሚለው መልስ ይቀድማል። የዋግ ኽምራን ልጆች የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም ጎረቤቱ ወልድያ፣ ይህን መልስ ሊቀበሉት አይገባም።

ጨዋታው የሚፈልገው አሸዋ ነው። ባሕር የሌላት ተራራማዋ ስዊዘርላንድ በቶኪዮም በፓሪስም ኦሊምፒክ በሴቶች ቢች ቮሊቦል ነሐስ ወስዳለች። ሜዳው 16 በ8 ሜትር ነው። ዙሪያውን ሦስት ሦስት ሜትር ትርፍ ቦታ ተትቶ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አሸዋ ሲነጠፍ 123 ሜትር ኩብ ግድም ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ስምንት ምልልስ ማለት ነው። በአንድ ወገን የሚሰለፉት ሁለት ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። ወልድያ ከተማ በ2009 ዓ.ም 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመርቆላታል። እሰየው። የሚያስቆጨኝ ግን ስፖርት ሲባል ዓይናችን ከተጫዋቿ ይልቅ የተመልካቹን መቀመጫ ማስቀደሙ ነው።

«ለባህላችን አይሆንም» የሚሉም አሉ። ልብሱን የሚፈሩ ከሆነ፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ እጅጌ ያለው ሹራብና ቁምጣ ፈቅዷል፤ ግብፃዊቷ ዶአ ኤልጎባሺም በሪዮ ኦሊምፒክ ሂጃቧን ሳታወልቅ ተጫውታለች። ጨዋታውን ራሱን የሚፈሩ ከሆነ ደግሞ የዋግ ኽምራዋን ከተማ ሰቆጣን ይጠይቁ። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሻደይ በዓል የዋግ ልጃገረዶች የሻደይ ሣር በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ እየመቱ አደባባዩን ይሞሉታል። ሴት ልጅ በሰው ፊት መዝለሏ ነውር ቢሆን ኖሮ ዋግ በሻደይ ባልኮራ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ ድርቅና ጦርነት የደቆሰው ሕዝብ እያለ ጨዋታ ቅንጦት አይሆንም ወይ? የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም የተገባው ብሔራዊ ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሊያቃልለው አይችልም። እኔ ግን ከዚያው ጥያቄ ተነሥቼ ተቃራኒውን እላለሁ። በዚያ ችግር ውስጥ አልፋ ዩኒቨርሲቲ የደረሰች ልጅ ሰውነቷ እንዲጠነክር መሥራት ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን ቡድኑ ከምግብ፣ ከሕክምና፣ ሴት ከሆነች አሠልጣኝና ሳይመሽ ከሚያልቅ የልምምድ ሰዓት ጋር ይምጣ። ለሪፖርት ማሳመሪያ የሚከፈት ከሆነ ባይከፈት እመርጣለሁ።

እውነተኛው በሽታ የሴቶችን ስፖርት ውድድር ሲደርስ ብቻ ማስታወስ ነው። ተማሪዎቹ በጥድፊያ ይሰበሰባሉ፣ ማሊያ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ሁሉም ይረሳል። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም በባርሴሎና ወርቅ ካመጣች ወዲህ ሩጫ ለብዙ ሴቶች በር ከፍቷል፤ ይሁንና ሁሉም ልጅ ሯጭ አትሆንም። መዝለል የምትወድ፣ ከጓደኛዋ ጋር ተናብባ መጫወት የምትወድም አለች።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው አመራር የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ሲያሰላ የአሸዋውን፣ የመረቡን፣ የአሠልጣኟን ደመወዝና የተጫዋቾቹን ምግብ በአንድነት ይያዝ። አይሆንም የሚል ካለም ገንዘቡ ለየትኛው የሴት ተማሪዎች ጥቅም እንደዋለ በቁጥር ያሳየን፤ ባሕር የለንም አይበለን።