የቤት ሥራው የማን ነው?

በከተማችን ፈቃድ ያልወጣበት አንድ ንግድ ደርቷል። የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ንግድ! ኮምፒዩተርና ፎቶ ኮፒ ያለበት ሱቅ ጎራ በሉ። ‹‹አጭር ልቦለዱን አንብበህ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በራስህ አባባል ግለጽ›› የተባለ ተማሪ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ተተይቦና ተጠርዞ የተዘጋጀለትን ወረቀት ይዞ ይወጣል። በራሱ አባባል መሆኑ ነው! ደህና ሞባይል ያለው ደግሞ ሱቁም አያስፈልገውም፤ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ ለቻትጂፒቲ ይልክና የመጣለትን ይገለብጣል። መምህሩ ያርማል፣ ወላጅ ይፈርማል። ልጁን ‹‹እስቲ የጻፍከውን አንብብልኝ›› ቢሉት ግን ሦስተኛው ቃል ላይ ይደናቀፋል።

እኔ በልጁ አልፈርድም። ቀኑን ሙሉ ጉሊት ተቀምጣ የዋለች እናት ማታ ‹‹እማዬ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?›› ስትባል ምን ትመልስ? አቅም ያለው አስጠኚ ይቀጥራል። አስጠኚው ራሱ ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይሸፍንለት መምህር ነው፤ ጠዋት በታጨቀ ክፍል እየጮኸ ያለፈውን ትምህርት ማታ ሰው ሳሎን ቁጭ ብሎ ለአንድ ልጅ ረጋ ብሎ ያስረዳል። እሱም አይፈረድበትም፤ መብላት አለበት።

ታዲያ በማን ይፈረድ? ነገሩ የቆየ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢሕአዴግ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ አለ። ይሄ መልካም ነው፤ ጤነኛ ሰው አይቃወመውም። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ይሁን አለ። መሐል ያለውን ገደል በምን ይሻገሩት? በ1997 ዓ.ም. መልሱ ‹‹ፕላዝማ›› ሆኖ መጣ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይለቀቃል፣ የኛው መምህር ጥግ ይዞ ያያል። የቴሌቪዥኑ መምህር ጠይቆ መልስ ሳይጠብቅ ይነጉዳል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ገመናው አደባባይ ወጣ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የ2015ቱ 3.2፣ የ2016ቱ 5.4። ሁሉንም በቋንቋ ላላክክ አልፈልግም፤ ሌላም ብዙ ጉድ አለ። ግን ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ ትምህርቱን ቢያውቀውስ ምን ይፈይድለታል?

መርዳት ማለት ደግሞ ሠርቶ መስጠት አይደለም። እንግሊዝኛ የማይችል ወላጅም የሚያደርገው አለ። ልጁ ታሪኩን በአማርኛ ይተርክላችሁ፤ ቤታችሁ በኦሮምኛ ወይም በጉራጊኛ የሚያወራ ከሆነ በዚያው። ‹‹ሰውዬው ለምን እንዲህ አደረገ?›› በሉት። ይህን ከመለሰ ሥነ ጽሑፉ ገብቶታል፤ የቀረው ቃሉ ነው። ለቃሉማ የዶክተር አምሳሉ አክሊሉ መዝገበ ቃላት ስንቱን ትውልድ አሻግሯል! ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን በአማርኛ አስነብቦናል። የኢያጎ ተንኮል በአማርኛ አንጀቱን ያቃጠለው ልጅ የሼክስፒርን እንግሊዝኛ ሲከፍት እንደ ባዕድ አይበረግግም። መምህራንም ብትሆኑ ስህተት የሞላባትን የልጁን አምስት መስመር ከተገዛው ሦስት ገጽ አብልጣችሁ ማርክ ስጡልን። የተገዛው እንደሁ ከሩቅ ያስታውቃል።

መንግሥት ግን በዚህ አያመልጥም። ሁለት ፈረቃ በሌለባቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪው ከተለቀቀ በኋላ ክፍሎቹ ባዷቸውን ናቸው። አንድ ሰዓት ይከፈቱ። መምህሩ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያግኝና እዚያው ያስጠና፤ የጉሊቷ እናት ልጅም የሚጠይቀው ሰው ይኑረው። ‹‹ለዚህ በጀት የለም›› የሚሉ ሹማምንት ካሉ፣ የራሳቸው ልጆች የት እንደሚማሩና ማታ ማታ ማን እንደሚያስጠናቸው ጽፈው ይላኩልን። ያለ ምንም መቆራረጥ እናወጣላቸዋለን።