ጆሮም እኮ ትኬት ቆርጧል!

እኔ የምለው… በአገራችን ፊልም ውስጥ የምትዘምረው ወፍ የየት አገር ዜጋ ናት? ታሪኩ የሚካሄደው መንዝ ነው። ገበሬው ጋቢውን ለብሷል፣ ሞፈርና ቀንበሩ በትክክል ተመርጧል፣ ተዋናዩ የአካባቢውን አነጋገር ሳይቀር አጥንቶ መጥቷል። ከጀርባ የምትሰማዋ ወፍ ግን ከኢንተርኔት የወረደች ናት፤ መንዝን በዓይኗ አይታው አታውቅም! ቦሌ ላይ የሚያልፈው የፖሊስ መኪና በአሜሪካ ሳይረን ይጮኻል። ልጅቷ ደብዳቤ ስትከፍት፣ ገና ዓይኗ ፊደሉ ላይ ሳያርፍ፣ ኪቦርዱ ቫዮሊን ሆኖ ያለቅስላታል። እሷ እስክታነብ እንኳ ቢታገሳት ምናለ?

ይህን "ጥቃቅን የቴክኒክ ጉዳይ" ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። ጥቃቅን አይደለም። ለልብስ ባለሙያ አለን፣ ለሜካፕ ባለሙያ አለን፣ ለመብራት ባለሙያ አለን። ለድምፅ ያለን ግን አሠራር ሳይሆን ልማድ ነው። ልማዱም ይኸው፦ ድርሰቱ ይጻፋል፣ ቀረጻው ያልቃል፣ ኤዲቲንጉ ያልቃል፣ ፖስተሩ ይለጠፋል፣ የምረቃው ቀን ይቆረጣል። ከዚያ አንድ ሰው ስልክ ይደወልለታል። "ወንድሜ፣ ባክግራውንድ አስገባልን እስቲ፤ ለዓርብ እንፈልገዋለን።" ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት እንዲህ ነው! ያ ሰው ድርሰቱን አላነበበም፣ ቀረጻው ቦታ አልሄደም፣ ዳይሬክተሩ ምን እያሰበ እንደነበረ የነገረው የለም። በእጁ ያለው ኪቦርድና የወረዱ ኢፌክቶች የታጨቁበት ፎልደር ነው። ከዚያ ፎልደር የእንግሊዝ ወፍ ብትወጣ ጥፋቱ የእሱ ነው ትላላችሁ? ጥፋቱ የጠሩበት ሰዓት ነው።

ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። የኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ሙዚቃውን ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አየር ሠርተውት ነበር፤ ሙዚቃው እንደ ተለጣፊ ሳይሆን እንደ አንድ ባለታሪክ ይሰማል። ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው። ጥያቄው ለምን ልማዳችን አልሆነም የሚለው ነው።

ፕሮዲዩሰሮቻችን መልስ አላቸው፤ "በጀት የለም" ይላሉ። ይህን መልስ የሬድዮ ሰዎች ሲሰሙት ምን እንደሚሉ እንጃ። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተርክ የነበረው አንድ ጉሮሮ ነው። በዚያ በአንድ ጉሮሮ ስንት ሰው፣ ስንት ዕድሜ፣ ስንት መንደር አሳየን! "የቀን ቅኝት" የተሰኘው የሬድዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ሲተላለፍ አንድም ምስል አልነበረውም፤ አድማጩ ግን ቤቱንም ሰዎቹንም በጆሮው ያያቸው ነበር። ባሕር ማዶም ብትሄዱ ያው ነው። በዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ይሠራ የነበረው ጃክ ፎሊ፣ ድምፅ ወደ ፊልም በገባበት በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ የተዋናዮቹን እርምጃ ምስሉን እያየ በጫማ፣ የልብሳቸውን ኮሽታ በጨርቅ ይሠራላቸው ነበር። ሙያው ዛሬም በስሙ "ፎሊ" ይባላል። ጫማና ጨርቅ ለመግዛት በጀት የሌለው ፊልም ሠሪ ካለ እኔ አዋጣለታለሁ! የጎደለው ብር ሳይሆን ጆሮን ከቁም ነገር መቁጠር ነው።

ደግሞ "ይኼ የፈረንጅ ቅንጦት ነው" የሚል አይጠፋም። እስቲ ይህን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1944 ሃሊም ኤል ዳብ የተባለ ወጣት ግብፃዊ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርፅ መሣሪያ ተውሶ ካይሮ ውስጥ ወደሚካሄድ የዛር ሥርዓት ገባ። አዎ፣ የእኛው ዛር! የቀዳውን የሴቶች ዜማ ሬድዮ ጣቢያ ወስዶ እየቆራረጠ፣ እያስተጋባ፣ ሌላ ነገር አድርጎ ሠራው። የፈረንሳዩ ፒየር ሻፌር በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ መሥራት ጀመረ የሚባለው በ1948 ነው፤ ካይሮ በአራት ዓመት ቀድማለች። ይኸው ሰው ታዲያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963 ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ በገናው፣ እምቢልታው በየአካባቢው ለብቻው ይሰማ የነበረውን አንድ መድረክ ላይ እንዲነጋገር አደረገው። በድምፅ ፈጠራ ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ስድስት ኪሎ ተመላልሷል፤ እኛ ዛሬም ባክግራውንድ ለዓርብ እናዛለን።

ድምፅ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ የ"አፖካሊፕስ ናው"ን መክፈቻ ማየት ይበቃል፤ ፊልሙ የ1979 ነው። ወታደሩ ሳይጎን ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል ተኝቷል። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል። ዋልተር መርች የሄሊኮፕተሩን ክንፍ ድምፅ ከማራገቢያው ጋር አዋሐደው፤ ሰውዬው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጦርነቱ ጭንቅላቱ ውስጥ እንደሚዞር ገባን። መርች ይህን ማድረግ የቻለው ለምንድን ነው? ምስሉንም ካቀናበሩት ባለሙያዎች አንዱ ስለነበረ ነው። ድምፁና ምስሉ አንድ ገበታ ላይ ቀርበው ነበር።

እኛም ቤት ሄሊኮፕተር የሚያስንቅ ድምፅ ሞልቷል። ንጋት ላይ የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሰው መሞቱን ያውቃል። በእኛ ፊልም ግን ሞት የሚነገረው ስልክ ተደውሎ፣ ተዋናዩ "ምን?! መቼ?!" ብሎ ጮሆ፣ ኪቦርዱ ተከትሎት ነው። አንዲት የጡሩምባ ድምፅና የሚከፈት በር የማይሠራውን በሦስት ደቂቃ ለቅሶ ለመሥራት እንደክማለን። የቡና ሙቀጫ አለ፤ ጎረቤት ተጣላ ለማለት ሁልጊዜ የሚሰማውን ሙቀጫ አንድ ቀን ዝም ማሰኘት ይበቃል። ማኅሌት ላይ ቁሙ ደግሞ፦ ዜማው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ መቋሚያው፣ የሰውነት ንቅናቄው እርስ በርሱ ተጠባብቆ ይሄዳል። በኅብረት መሥራትን ማንም ሊያስተምረን ባልተገባ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያልነው እኛው አይደለን?

ቃናን አስታውሱ። በ2008 ዓ.ም. ተከታታይ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር ብዙ የጥበብ ሰው ተቃውሞ አሰማ፤ ክርክሩ ስለ ባህል ነበር። ቤቱ የቱርክ፣ ልብሱ የቱርክ፣ ፍቅሩ የቱርክ፤ አማርኛ የነበረው ድምፁ ብቻ። ያ ድምፅ ብቻውን ስንቱን ቤተሰብ በየምሽቱ እንደሰበሰበ አይተናል። ከዚያ ክርክር ስለ ድምፅ ጉልበት ትምህርት የወሰደ ግን ጥቂት ነው።

ነገሩን አስቸኳይ የሚያደርገው ሌላም አለ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ፎቶው ጥሩ ነው፤ አለ። የእንጨት ወለሉ ሲረገጥ የሚያሰማውን ሲቃ፣ በጠባቡ ቅያስ "ልዋጭ!" ሲባል የሚመለሰውን ማስተጋባት፣ ሊስትሮው ሳጥኑን በብሩሽ ሲያንኳኳ የሚሰማውን ግን ስንቶቻችን ቀዳነው? ፎቶ እያዩ ቤት በካርቶን መልሶ መሥራት ይቻላል። ያልተቀዳን ድምፅ መልሶ የሚሠራ አናጢ የለም። የዛሬ ሃያ ዓመት የዛሬዋን አዲስ አበባ በፊልም ማሳየት የሚፈልግ ልጅ ከየት ያመጣዋል? ከዚያው ፎልደር!

"ተመልካቹ ግድ የለውም" የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ይታገሳል፤ ድምፁ ሲቋረጥ ግን አዳራሹ በፉጨትና በ"ድምፅ! ድምፅ!" ይናወጣል። ጆሮም እኮ ትኬት ቆርጧል!

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። የድምፅ ባለሙያው ድርሰቱ በሚነበብበት የመጀመሪያ ቀን ይጠራ፤ ስሙም ፖስተሩ ላይ ይውጣ። በየቀረጻው ቦታ ሁሉም ሰው ለሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ የቦታው የራሱ ድምፅ ይቀዳ፤ ሁለት ደቂቃ ብር አያስወጣም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ የአለ ሥነ ጥበብና የቴአትር ትምህርት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር ናቸው፤ ሙዚቀኛው፣ ሠዓሊውና ተዋናዩ ከመመረቃቸው በፊት ቢያንስ አንድ ሥራ አብረው ሠርተው ይውጡ፤ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ሐሙስ ማታ ከሚተዋወቁ! እኛ ተመልካቾችም ድርሻ አለን። ድምፁ ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሲዋሽም እናፏጭ።