ቀረሶ ለሁሉም ውሃ አይሆንም

በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያኖር ሰው አዲስ ዓሣ ከመጨመሩ በፊት ጥቂት ነገሮችን ያጣራል። የውሃው ሙቀት ይስማማዋል? ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል? ቀድመው ያሉትን ይበላል ወይስ ምግባቸውን ይሻማል? መቶ ሊትር ለማይሞላ ውሃ ይህን ያህል የሚታሰብ ከሆነ፣ ለኩሬ፣ ለግድብና ለወንዝ ሲሆን ጥያቄው ሁሉ ተትቶ «ቀረሶ ጨምሩበት» የሚለው አንድ መልስ መለመዱ ሊያሳስበን ይገባል። በጎጃም ደጋ ዝናብ ያቆረ ጉድጓድም ሆነ የመስኖ ግድብ ዓሣ ካልተጨመረበት እንደ ጦም አዳሪ መሬት መቆጠር ይዟል። ውሃው ምን ዓይነት ነው፣ በውስጡስ ማን አለ የሚለው ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህ አካሄድ ገበሬውንም ወንዙንም ይጎዳል።

ከሙቀቱ እንነሣ። ቀረሶ የሞቃት ውሃ ዓሣ ነው። ደህና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ ውሃ ሲሆን፣ ከ20 በታች መራባቱ ይዳከማል፤ ወደ 16 ሲወርድ መብላቱን እየተወ ዕድገቱ ይቆማል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የዓመቱ አማካይ የአየር ሙቀቷ ከ16 ወይም ከ17 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ጥልቀት የሌለው ኩሬ ቀን በፀሐይ ቢሞቅም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያገኘውን መልሶ ያጣል። ወደ ጮቄ ተራራ በወጣን ቁጥር ደግሞ ብርዱ ይበረታል። እንዲህ ባለ ውሃ የገባ ዓሣ ሳያድግ ሲቀር ጥፋቱን በገበሬው ላይ ማላከክ ቀላል ነው፤ መኖ አልሰጠም፣ አልተከታተለም ይባላል። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚታየውን ዕድገት ከደጋ ኩሬ መጠበቅ ገበሬው በትጋቱ ሊያሟላው የማይችለውን መጠየቅ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያው ዓሣ እዚያ ይስማማዋል። በአንድ ዞን ውስጥ ያሉ ሁለት ቀበሌዎች አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው የማይገባው ለዚህ ነው።

ሙቀቱ ቢስማማ እንኳ አብሮ የመኖር ጉዳይ ይቀራል። ቀረሶ ዕንቁላሉን በአፉ ይዞ የሚፈለፍልና ጫጩቱን የሚጠብቅ ዓሣ በመሆኑ ፈጥኖ ይበዛል። ወንድና ሴቴ ተደባልቀው በገቡበት ጠባብ ኩሬ ምግቡ ለብዙ አፍ ይከፋፈልና ከመዳፍ የማይበልጥ ዓሣ ይሞላበታል። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ አምባዛ የተባለው አዳኝ ዓሣ ይጨመራል። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ አምባዛ የቀረሶን ጫጩት እየበላ ቁጥሩን ይገታል። ይህ የሚሠራው ግን አምባዛው ሲገባ ከቀረሶው ያነሰ ከሆነና ቁጥሩም ከተመጠነ ነው። ተለቅ ያለ አምባዛ ከትናንሽ ቀረሶዎች ጋር ከገባ ዘሩን ሳያስቀር ይጨርሰዋል። ሁለት ዓሦች ይስማማሉ ወይም አይስማሙም ማለት አይበቃም፤ በምን መጠን፣ የትኛው ቀድሞ ገብቶ የሚለው አብሮ መነገር አለበት። ለደጋው ብርድ የሚመረጠው ካርፕም እንዲሁ ነው። ብርዱን ከቀረሶ በተሻለ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ከውጭ የመጣ፣ ምግቡን ጭቃ እየቆፈረ የሚፈልግ ዓሣ ነው፤ ውሃ ያደፈርሳል፣ የውሃ ውስጥ ተክል ይነቅላል። በተዘጋ ኩሬ ይህ የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ ወደ ጅረት በሚፈስስ ኩሬ ግን የታችኛው ተፋሰስ ሁሉ ጉዳይ ይሆናል።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ቀድሞ በውሃው ውስጥ ያለው ዓሣ እንደሌለ መቆጠሩ ነው። በእኛ ጅረቶች ከጣት ብዙም የማይረዝሙ፣ በአገጫቸው ሥር ባለ መጣበቂያ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው አረንጓዴውን አልጌ እየፋቁ የሚበሉ ጋራ የሚባሉ ዓሦች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በሳይንስ ስሙ ጋራ ደንበጫ ይባላል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ከሜላኒ ስቲያስኒ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ገልጠው ሰይመውታል። የጎጃም ከተማ ስም በዓለም የዓሣ መዝገብ ላይ የተጻፈው በዚህ ትንሽ ፍጡር ነው። ለገበያ ስለማይሆን ብቻ ይህን የሚያኖር ጅረት «ዓሣ የለውም» ማለት አላዋቂነት ነው። ትልቁና ብርቱው ሲጨመር ነባሩ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ቪክቶሪያ ሐይቅን ማየት ይበቃል። በ1950ዎቹ እና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የናይል ፐርች የተባለው አዳኝ ዓሣ ገብቶ በመቶ የሚቆጠሩ ነባር ዝርያዎችን አመናመነ። ሰላማዊ የሚባለው የናይል ቀረሶም በዚያው ሐይቅ ገብቶ የአገሬውን ቀረሶዎች ከቦታቸው አፈናቀለ።

የጣና ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ከ40 ሜትር በላይ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሐይቁን ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ለይቶ አኑሯቸዋል። በዚህ መለየት ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው የላቤዮባርበስ ወገን ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ ዝርያዎች ሆኖ ተከፋፈለ፤ ከእነዚህም የተወሰኑት ክረምት ሲገባ ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ዕንቁላል ይጥላሉ። ቀረሶውም ቢሆን የራሱ የጣና ወገን ነው፤ ከዝዋይ ቀረሶ የተለየ ንዑስ ዝርያ ሆኖ ተመዝግቧል። በመራዊ አካባቢ የተሠራው የቆጋ ግድብ ውሃ በግልገል ዓባይ በኩል ጣና ይገባል። ፏፏቴው ለብዙ ሺህ ዓመታት የጠበቀውን ድንበር ጫጩት የያዘ አንድ ጀሪካን በመኪና በግማሽ ቀን ይሻገረዋል። ከሌላ ተፋሰስ የመጣ ቀረሶ ቆጋ ላይ ሲለቀቅ ከጣናው ጋር ይዳቀላል፤ ከተዳቀለ በኋላ መልሶ የሚለየው የለም።

ሕዝብ ምግብ ሲያሻው ስለ ጅረት ዓሣ መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። የምግቡን ነገር አልክድም፤ ግን ሙከራው የወደቀበት ኩሬ ማንንም አላበላም፤ ገበሬው ያፈሰሰው ጉልበትና መኖም አይመለስም። ኩሬ የተዘጋ ስለሆነ አያሰጋም የሚለው ክርክር ደግሞ የጎጃምን ክረምት የዘነጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ኩሬ ሞልቶ ይፈስሳል፤ አምባዛ ደግሞ አየር ስለሚተነፍስ በርጥብ ሣር ላይ ተስቦ ወደ ሌላ ውሃ መሻገር ይችላል። ለእያንዳንዱ ኩሬ ተመራማሪ ከየት ይመጣል ለሚለውም መልሱ ብዙ ወጪ የለበትም። ጫጩት ከመታደሉ በፊት የልማት ሠራተኛው በቴርሞሜትር የኩሬውን ውሃ ማለዳና ከሰዓት በኋላ፣ በበጋና በክረምት ይለካ፤ ሞልቶ ሲፈስስ ወዴት እንደሚሄድ ከገበሬው ጋር በእግሩ ተከትሎ ይይ። ውሃው ከቀዘቀዘ ቀረሶ አይታደል፤ ኩሬው ለመስኖና ለከብት ማጠጫ ይዋል። ወደ ጅረት የሚፈስስ ከሆነ ካርፕ ይቅርበት፣ መውጫውም በወንፊት ይታጠር። ወደ ጣና በሚገቡት ተፋሰሶች ሁሉ ዓሣ ማርባት ካስፈለገም ጫጩቱ ከጣና ዘር ብቻ በባሕር ዳር ይፈልፈል፤ ከሰበታ የዓሣ ማዕከልም ሆነ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ ጀሪካን ከዱርቤቴና ከመራዊ መንገድ ይመለስ።