ባለሞያ ሐኪም ማን ነው?

በአገራችን ልማድ ባለሞያ የሚለው ቃል አስቀድሞ የሚነገረው ለቤት እመቤት ነው። ወጥዋ የጣፈጠ፣ ጠላዋ የጠራ፣ ፈትልዋም የቀጠነ እንደ ሆነ ባለሞያ ናት ትባላለች። ነገር ግን እናቶቻችን ሞያን የሚመዝኑት በእጅ ብልኀት ብቻ አይደለም፤ እንግዳ በማይጠበቅበት ቀንም ዕቃዋን በንጽሕና ትይዝ እንደ ሆነ ይመለከታሉ። ሞያ በልብ ነው የሚለውንም ተረት እኔ የምረዳው እንዲሁ ነው፤ ማንም ሳያይ የሚሠራ ሥራ የሠሪውን ልብ ይገልጣልና።

ዛሬ፣ ውድ አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህንኑ ቃል ይዘን ወደ ሐኪም ቤት እንግባ። የቀዶ ጥገና ሐኪም ሥራ ከዘመድ ዓይን ተሰውሮ የሚፈጸም ነው፤ ሕሙሙ በማደንዘዣ ተኝቷል፣ ዘመዱም በደጅ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ በምጽፍበት በፍርድ ቤት ዳኛ ቢሳሳት ይግባኝ አለ፤ ጸሓፊም ቃል ቢያሳስት መዝገቡ ይታረማል። ምላጭ ለቈረጠው ሥጋ ግን ይግባኝ የለውም። ስለዚህ የሐኪም ሕግ ከሥራው አስቀድሞ በልቡ ሊጻፍ ያስፈልጋል።

የዚህ ሕግ መጀመሪያ ስሕተትን መቀበል ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1847 ዓ.ም. በቪየና ከተማ በታላቁ ሆስፒታል ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ይሠራ ነበር። በዚያም ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ አንደኛው የሐኪሞችና የተማሪዎቻቸው፣ ሁለተኛው የሴቶች አዋላጆች። በሐኪሞቹ ክፍል የሚሞቱት ወላዶች ከአዋላጆቹ ክፍል እጅግ ይበዙ ነበር። ዜመልቫይስም ነገሩን ቢመረምር፣ ሐኪሞቹ ሬሳ በመረመሩበት እጅ ወላዶችን እንደሚዳስሱ አስተዋለ፤ ስለዚህ ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ አዘዘ። በአፕሪል ወር ከመቶ ወላዶች 18 ያህል ሞተው ነበር፤ በጁን ወር ግን የሞቱት 2 ያህል ብቻ ሆኑ። እርሱ ራሱ ሳያውቅ ሞትን ካመጡት አንዱ እንደ ነበረ ሳይሸሽግ ጻፈ። ብዙዎች ባልንጀሮቹ ግን የሐኪም እጅ ይገድላል መባልን ክብራቸው አልፈቀደምና ሳይቀበሉት ቀሩ። እነዚያም የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ የጐደላቸው ትሕትና ነው።

ከዚያ ወዲህ የሐኪሞች ማኅበር ብዙ ተምሯል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ለቀዶ ጥገና 19 ነጥብ ያለበት የመቈጣጠሪያ ዝርዝር አወጣ። በዚህም የሕሙሙ ስምና የሚቀደደው ስፍራ በቃል ይረጋገጣል፤ ሕሙሙም ከክፍሉ ሳይወጣ መሣሪያውና ጨርቁ ይቈጠራል። እጅግ የተማረ ሐኪም እንደ ጀማሪ እንዲቈጥር መገደዱ ውርደት የሚመስለው ቢኖር፣ የሚከተለውን ይስማ።

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ወላጅ እናቴ በሐሞት ጠጠር ታመው ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል ተባለ። እኛ ልጆቻቸው ተማክረን፣ ይደነግጣሉና ለእሳቸው አይነገር፣ ወረቀቱን እኔ ልፈርም ብለን ቈረጥን። ሐኪሙ ገና ወጣት ነበረ። ብዕሬን ባወጣሁ ጊዜ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ እናትዎ አእምሯቸው ጤነኛ ነው፤ ፈቃዱም የእሳቸው ነው» አለኝ። ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ወረቀቱን አንድ በአንድ አነበበላቸው፤ የሚያሠጋውንም ሳያሳንስና ሳያጋንን ነገራቸው። እናቴም፣ «ልጄ፣ የምትቀደኝ አንተው ራስህ ነህን?» ብለው ጠየቁት። «እኔ ነኝ፣ እማማ፤ በትምህርት ላይ ያሉ ሁለት ሰዎችም አብረውኝ ይቆማሉ» ብሎ መለሰላቸው። በዚያን ጊዜ ጣታቸውን ቀለም ነክተው አተሙ። እኔ አፈርሁ፤ ሳይነበብለት የፈረመ ሰው በችሎት ሲያለቅስ ስንት ጊዜ አይቼ፣ ያንኑ በገዛ እናቴ ላይ ልፈጽም ነበርና።

ቀዶ ጥገናውም ከተነገረን ሰዓት አልፎ ዘገየ፤ ልባችንም ተጨነቀ። ሐኪሙ በወጣ ጊዜ፣ «አንድ ጨርቅ ከቍጥር ጐድሎብን ነበር፤ እስኪገኝ ድረስ አልሰፋንም። ከጠረጴዛው ሥር ወድቆ አገኘነው» አለን። ይህን ባይነግረን ማንም አያውቅበትም ነበር። እናቴም በጤና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አለቆች ሆይ፣ አደጋውን አስቀድሞ የሚነግራችሁን ሐኪም ለራሱ ማምለጫ ያበጃል ብላችሁ አትጠርጥሩት። ለመጠየቅም አትፈሩ፤ በቤት የተወሰደ ሥርና ቅጠል ቢኖርም ሳታፍሩ ንገሩት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና። ከሁሉም በላይ ሕሙማችሁን በራሱ አካል ላይ እንደ ባዕድ አታድርጉት። ልጆቻችሁንም ለሕክምና ትምህርት ስትልኩ፣ ከዕውቀት ጋራ «አላውቅም» እና «ተሳስቻለሁ» ማለትን ከቤት አስተምራችሁ ላኩ። እግዚአብሔር ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለሐኪሞችም ቅን ልብን ይስጥልን።