ፀሐይ ያሳደደችው ፍጥረት

ገጻችን ዘወትር በፖለቲካ ስለሚጨናነቅ ዛሬ እስከ ዓለም ጫፍ፣ እስከ አንታርክቲካ ባሕር ልወስዳችሁ አስቤአለሁ። «ደግሞ እዚያ ምን ዘመድ አለን?» የሚለኝ አይጠፋም። ትንሽ ታገሡኝ።

በዚያ ባሕር ክሪል የሚባል የሽሪምፕ ዘመድ ይኖራል። ርዝመቱ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ2 ግራም የማይበልጥ ነው። ሆኖም ፔንግዊኑም ሆነ ግዙፉ ዓሣ ነባሪ የሚያድሩት በሱ ነው።

ክሪል በዋናነት የሚመገበው አልጌ የሚባሉትን ጥቃቅን ዕፅዋት ነው። እነሱ ደግሞ ያለ ብርሃን ስለማይኖሩ ከውኃው ገጽ አይርቁም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ከብርሃኑ ጋር አልትራ ቫዮሌት ጨረር ይመጣል፤ ጨረሩም ዲ.ኤን.ኤ.ን ይጎዳል። በቤተ ሙከራ ሲታይ ክሪሉ ይፈዛል፣ መጠኑ ሲበረታም ይሞታል። ስለዚህ ከአዳኝም ከጨረርም ለማምለጥ ብዙውን ጊዜ ቀን ወደ ጥልቁ ወርዶ ሌሊት ለምግብ ይወጣል። ከሚበላው አልጌም ጨረር የሚመክት ንጥረ ነገር በገላው ያጠራቅማል።

ይህ መከላከያ ግን የተለካው ለጥንቱ ሰማይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ጆሴፍ ፋርማንና ሁለት እንግሊዛውያን ባልደረቦቹ አንታርክቲካ ላይ ኦዞን ክፉኛ መሳሳቱን አስታወቁ። ኦዞን ይህን ጨረር የሚያስቀርልን የሰማይ ጃንጥላ ነው። ጃንጥላውን የቀደደው በፍሪጅና በጠጉር ስፕሬይ ውስጥ የነበረው ሲ.ኤፍ.ሲ. የተባለ ጋዝ ነው፤ የበዛው የተለቀቀውም ብዙዎቻችን ከተጠለልንበት ከሰሜኑ የዓለም ክፍል ነው። አጥፊው ወዲህ፣ ተጎጂው ወዲያ! ቀዳዳው የሚሰፋው ደግሞ ክሪሉ ከረጅሙ ክረምት ወጥቶ ምግብ በሚያገኝበት ወራት፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው።

ደግነቱ በ1987 ሞንትሪያል ላይ ጋዙን የሚገታ ውል ተፈረመ። አገራችን በ1994 ገባችበት። በ2009 የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች በሙሉ ተቀብለውት ነበር። በምንም የማይስማሙት መንግሥታት በዚህ ተስማሙ! ለገዛ ቆዳቸው ብለው ይሁን ለክሪሉ፣ እኔ አይቸግረኝም።

ቀዳዳው ግን ዛሬም በየዓመቱ ይከፈታል። ሊቃውንት በ2022 ጥናታቸው እንደገመቱት የአንታርክቲካ ሰማይ ወደ 1980 ይዞታው የሚመለሰው በ2066 ገደማ ነው። ለመቅደድ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በቁ፤ ለመጠገን የሰው ዕድሜ ይፈጃል። ይህን ከኛ በላይ ማን ያውቀዋል?

ቸር እንሰንብት።